ደመ ስኳር

ሸዋ በር ላይ ናት ሱቄ፤
ወርዷ ሁለት ክንድ፣ ጣሪያዋ እንደኔው አጭር።
ሠላሳ ዓመት የቆመ ሰዓት ስፈታ፣ ስገጥም፣ ስቆጥር፣
የሰውን ጊዜ ሳስነሣ
የራሴ ሞላ እንደላላ ነገሩን ሁሉ ስረሳ፣

አንድ ሰሞን አፌ ደረቀ። ሌሊቱን ስድስቴ ተነሣሁ።
ጤና ጣቢያ ሄጄ ለሲስተር ውዴ ጣቴን ሰጠሁ።
ቁጥሩን አየችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ደምዎ ጣፍጧል ጋሼ» አለችኝ ተጠግታ።
ሳቅኩ።
«የደሴ ልጅ ነኝ እኮ! ደመ ግቡ ሲሉኝ ኖሬ
ደመ ስኳር ልባል ዛሬ?»
እሷ አልሳቀችም።
ክኒን ቆጠረችልኝ፣ የጠዋትና የማታ፣
እንደ ካፖርት ቁልፍ የሰፋ፣ ጉሮሮ የሚመታ።

የደሴ ወሬ ከጉም ይፈጥናል፤ ማታ ጦሳ ላይ ካደረ
ጎህ ሳይቀድ ቧንቧ ውሃ ነው። መንደሩ ሐኪም ሆኖ አደረ።
አራጋው ሹፌሩ፣ ከጅቡቲ ሲመለስ፣
በጋዜጣ የተጠቀለለ ሥር ጣለልኝ፣ ደርቆ እንደ ቀንድ የሚከስ፤
«ጂንሰንግ ነው። መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች
እሱን እያኘኩ ነው የማይደክሙት። ስኳርን ይጥላል፣ ሽማግሌን ያስሮጣል።»
ገለጥኩት።
እግር አለው፣ ክንድ አለው፤ ራስ ብቻ ጎደለው፤
ያለዚያማ ሰው ነው።

ሙሰማ ባለሸቀጡ ደግሞ አቼቶ አዘዘልኝ፣
«ከእራት በፊት ሁለት ማንኪያ፣ በውሃ በጥብጠህ» አለኝ።
አቼቶ! ጣሊያን ጥሎት የሄደ ስም፤
ለሰላጣ መሆኑን እንጂ ለሰው መሆኑን አላውቅም።

እኔ ደግሞ የሰዓት ሰው ነኝ፤ ሳልለካ አላምንም።
ልጄ የላከልኝን መለኪያ፣ ከአንዲት ሃምሳ ሉክ ደብተር ጋር፣
ከሞቱት ሰዓቶች መሐል አስቀምጬ ጀመርኩ መቁጠር።
ክኒን ብቻ፣ ከእራት በኋላ፦ ሁለት መቶ አስር።
ክኒንና አቼቶ፦ መቶ ሰማንያ ሁለት።
በማግስቱ፣ ያው እራት፣ ያው አቼቶ፦ ሁለት መቶ አምስት።
የሥሩን አንድ እግር በሞረዴ ፍቄ፣ አፍልቼ ጠጣሁት፤
ልቤ ስትዘል አደረች፣ እንቅልፍን በጆሮዬ ሰማሁት፤
ቁጥሩ ግን አንዴ ይጎነበሳል፣ አንዴ ይነፋል፣
ጥርሱ እንደተበላ ሰዓት፣ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ያረፍዳል።

የመቶ ሰማንያ ሁለቷ ማታ ግን አሳበደችኝ።
«ይሄው! ጎምዛዛ ጣፋጭን ይሽራል!» አሰኘችኝ፤
ክኒኑን ተውኩት።

አምስት ቀን።
በስድስተኛው፣ የአንዲት ሙሽራ ሰዓት በእጄ ይዤ ሳለሁ
የደቂቃው ቆጣሪ ሁለት ሆነ፣ የሰከንዱን አጣሁ።
ሦስት መቶ ዘጠና።
ውዴ አልጮኸችብኝም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።
«አቼቶው ትንሽ ያግዝ ይሆናል፤ ምግቡ ቀስ ብሎ እንዲሻገር።
ሥሩን ግን አላውቀውም፤
ከክኒኑ ጋር ሆድዎ ውስጥ ምን እንደሚባባሉ አልሰማሁም።
ለመሆኑ ጋሼ፣ የአራጋው መኪና ረዳት ስላለው
ሹፌሩን አውርደው ነው ቁልቁለቱን የሚነዱት?»
መልስ አጣሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ አውቀዋለሁ።

ያን ማታ ጓዳ ብቅ ብል
ጦይባ ቆማለች፣ መብራት ሳታበራ፣
ብርጭቆ ይዛ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ ከአቼቶው ጋር ስትሟገት።
ሻይ በሦስት ማንኪያ የምትጠጣ ሴት!
ስኳርም የለባት፣ ሐኪምም አላዘዘላት።
«ምን እያደረግሽ ነው?»
«ምን ላድርግ፣ ልልመደው ብዬ ነው» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣
ከአቼቶው ይሁን ከሌላ እንጃ።
የስኳሩን ቆርቆሮ ፈለግኩት፤ ምስር ሞልታበታለች።

ደብተሬን ዘረጋሁ ልጽፈው። ቀን አለው። ሰዓት አለው።
ለዚህኛው ግን መስመር አላሰመርኩለትም።

አሁን ክኒኔን በሰዓቱ እውጣለሁ፤ ማታ ማታ
እየተኮሳተርን፣ ሁለት ብርጭቆ፣ አንዱ የእሷ ነው፣ በእራት ሰዓት።
ያ አንድ እግሩ የጎደለ ሥር መስኮቱ ላይ ነው፣
ከካሲዮና ከሲቲዝን መሐል ተጋድሞ።
ትናንት አንድ ተማሪ ጠየቀኝ፣ ጣቱን በመስታወቱ ላይ አሳርፎ፣
«ይሄስ፣ አይሠራም እንዴ?»
«ገና እየመረመርኩት ነው» አልኩት።